«ሲወጣ እተኩሳለሁ»፦ የውጊያ ተራ ደንብ እንዴት ይነበባል?

በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በምንጫወተው የሚና ጨዋታ ክርክር የሚበዛው ውጊያ ሲጀመር ነው። ገበያ ውስጥ ስንዘዋወር፣ ከባላባት ጋር ስንደራደር ወይም ጨለማ ዋሻ ስንፈትሽ የነበረው ልቅ አነጋገር ኢኒሼቲቭ (የተራ ቅደም ተከተልን የሚወስነው የዳይስ ውርወራ) በተጣለበት ቅጽበት ያከትማል። ከዚያ በኋላ «እሄዳለሁ» ያለ ተጫዋች እስከ የት እንደሚሄድ፣ «እመታለሁ» ያለም ምቱን ከየትኛው የተራው ድርሻ እንደሚከፍል መናገር ይኖርበታል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለወዳጆቼ ጨዋታ መሪ ሆኜ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን በአማርኛ ሳጫውት ደጋግሜ የታዘብኩት፣ ተጫዋቾች «ይህን ማድረግ እችላለሁ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «መቼ?» እና «በምን ሒሳብ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች አስቀድሞ በመመለስ መሆኑን ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ሬዲ ስለሚባለው እርምጃ እጽፋለሁ፤ በእኛ ጠረጴዛ ላይ እንደ እርሱ ያከራከረን የለምና።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ለመግለጽ፣ አንድ ሰው ጨዋታ መሪ ይሆንና ዓለሙንና ጠላቱን ይተርካል፤ ይህን ሰው ዲኤም እንለዋለን። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርግ ይወስናሉ፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የመጀመሪያውን እትም እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡ የመጡት በትናንሽ የወታደር ምስሎች ከሚካሄደው የጦርነት ጨዋታ ነበር፤ ከንግግርና ከጉዞ ይልቅ ለውጊያ የተጻፈው ደንብ እስከ ዛሬ የበዛው በአብዛኛው ከዚህ አመጣጥ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በወጣው፣ አድቫንስድ በተባለው እትም አንድ የውጊያ ዙር (ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ተራ የሚያገኙበት ጊዜ) አንድ ደቂቃ ይወስድ ስለነበር፣ አንድ የዳይስ ውርወራ በዚያች ደቂቃ ውስጥ የተደረገውን መሰናዘርና ማፈግፈግ ሁሉ ጠቅልሎ ይወክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ዙሩን ወደ 6 ሰከንድ አሳጠረው፤ እኛ የምንጫወተው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ በ2024 የተሻሻለው አምስተኛው እትምም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። በእኔ አስተያየት የዛሬው ክርክር ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዙሩ 6 ሰከንድ ሲሆን ተጫዋቹ እያንዳንዱን ምት በዓይነ ኅሊናው ለይቶ ያየዋል፤ ለይቶ ያየውንም ምት ከሌላው በፊት ወይም በኋላ ሊያደርገው ይፈልጋል።

በአንድ ተራ ውስጥ ያለው ድርሻ ለመናገር ቀላል ነው። አንድ አክሽን፣ ማለትም ዋና እርምጃ፣ አለ። እንቅስቃሴ አለ፤ እርሱም ለአብዛኛው ገጸ ባሕርይ 30 ጫማ ሲሆን ከፋፍሎ ከምት በፊትና በኋላ መጠቀም ይቻላል። ከዚህ ሌላ በአንድ ዙር አንድ ሪአክሽን (ለሆነ ነገር የሚሰጥ ፈጣን አጸፋ) አለ፤ ይህም የገዛ ተራህ ሲጀምር ይታደሳል። ቦነስ አክሽን (ተጨማሪ ትንሽ እርምጃ) ግን ሁልጊዜ በእጅ ያለ ነገር አይደለም፤ አንድ ድግምት ወይም ችሎታ «ይህን በቦነስ አክሽን ታደርጋለህ» ካላለ በቀር ከነጭራሹ የለም። አዲስ ተጫዋች ዘወትር «አክሽኔን አልተጠቀምኩበትም፤ በእርሱ ምትክ ሁለተኛ ቦነስ አክሽን ልውሰድ?» ብሎ ይጠይቃል። አይቻልም። ደንቡ እነዚህን ድርሻዎች እርስ በርስ የሚመነዘሩ አድርጎ አልሠራቸውም፤ ቢመነዘሩ ኖሮ በአንድ ተራ አንድ ጊዜ ብቻ ተብለው የተመጠኑ ችሎታዎች ሁሉ ሚዛናቸውን ያጡ ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ጊዜ በቅጡ ከተነገረ የሚረሳው ጥቂት ሰው ነው።

ሬዲ ግን ሌላ ነው። በገዛ ተራህ አክሽንህን ከፍለህ «እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ትልና ትጠብቃለህ፤ የጠበቅኸው ነገር ቀጣዩ ተራህ ሳይደርስ ከሆነ ያልከውን በሪአክሽንህ ትፈጽማለህ፤ ካልሆነ አክሽኑ ባክኖ ይቀራል። ምክንያት የሚሆነው ነገር ገጸ ባሕርይህ ሊያየው፣ ሊሰማው ወይም በሌላ መንገድ ሊያስተውለው የሚችል መሆን አለበት፤ የምትፈጽመውንም አስቀድመህ መምረጥ አለብህ፤ ሪአክሽኑ ደግሞ የሚፈጸመው ያ ምክንያት እንደተጠናቀቀ ነው። ጠረጴዛችን ለሁለት የተከፈለው በዚህ በመጨረሻው ሐረግ ላይ ነበር።

ውጊያው እንዲህ ነበር። የጨዋታችን ዓለም ካርታ ከደጀን ቁልቁል የሚወርደውን የዓባይን በረሃ መስሎ የተሣለ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ በገደሉ አፋፍ ላይ ወንበዴዎች የያዙትን የድንጋይ ግንብ ከበዋል፤ የወንበዴዎቹ አለቃ ውስጥ ነው፤ ግንቡም ያለው አንድ ጠባብ በር ብቻ ነው። ቀስተኛዋን የምትጫወተው ታናሽ እህቴ ከበሩ 60 ጫማ ያህል ርቃ ከቋጥኝ አጠገብ ቆመችና «ሬዲ ብያለሁ፤ አለቃው ከበሩ ሲወጣ እተኩሳለሁ» አለች። ከበሩ ጎን ጋሻውን መክቶ የቆመውን ጦረኛ የሚጫወቱት የሒሳብ መምህር ናቸው፤ በዕድሜ ከሁላችንም ስለሚበልጡ ጋሼ እንላቸዋለን። የአለቃው ተራ ደረሰ። በሩን በርግዶ መውጣቱንና በጦረኛው አጠገብ አልፎ ከግንቡ ጀርባ ወደታሰረው ፈረሱ መሮጡን ተናገርኩ። እህቴ ዳይሷን ስታነሣ ጋሼ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ እስቲ፣ ደንቡ ሲጠናቀቅ አይደል የሚለው? ሩጫው አንድ እንቅስቃሴ ከሆነ ፈረሱ ዘንድ ሳይደርስ መች ተጠናቀቀና ነው የምትተኩሺው?» አሏት። እርስዋም፣ «ጋሼ፣ እኔ ያልኩት እኮ ሲወጣ ነው፤ ፈረሱ ላይ ሲደርስ አላልኩም!» ብላ መለሰች።

የጋሼ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። የእርሳቸው ንባብ ቢጸና ኖሮ አለቃው ግንቡን ተከልሎ ስለሚቆም የቀስተኛዋ ጥበቃ ዋጋ አይኖረውም ነበር። እኔ የወሰንኩት ግን ለእህቴ ነው፤ ምክንያቴንም እዚያው አስረዳሁ። መጠናቀቅ ያለበት ተጫዋቹ በቃሉ የጠራው ነገር ነው። የተጠራው ነገር ከበር መውጣት ከሆነ፣ የአለቃው እግር ደፉን ተሻግሮ ውጭ ያለውን የመጀመሪያውን 5 ጫማ ሲረግጥ መውጣቱ አልቋል፤ የቀረው ሩጫ ሌላ ነገር ነው። ደንቡ አንድ ሪአክሽን የሌላውን ተራ ሊያቋርጥ እንደሚችል፣ የተቋረጠውም ሰው ከሪአክሽኑ በኋላ ተራውን ካቆመበት እንደሚቀጥል በግልጽ ይናገራል፤ እንቅስቃሴም በባሕርዩ የሚከፋፈል ስለሆነ መካከሉ ላይ ቢቋረጥ የሚፈርስ ነገር የለም። ፍላጻው አለቃውን ደፉ ሥር አገኘው፤ አልሞተም፣ ቆስሎ ሩጫውን ቀጠለ።

ወዲያው ደግሞ ሁለተኛ ሪአክሽን መጣ። አለቃው በሩጫው ከጋሼ ሰይፍ መድረሻ ክልል ሊወጣ ሲል ጦረኛቸው ኦፖርቹኒቲ አታክ አገኘ። ይህኛው ምት የሚያርፈው ጠላቱ ከክልሉ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ደንቡ እንዲያ ብሎ ጽፎታል፤ ባይሆን ኖሮማ ከወጣ በኋላ ሰይፉ አይደርስበትም። እንግዲህ በአንድ ሩጫ ውስጥ ሁለት ሪአክሽን አየን፤ አንዱ ምክንያቱ ካለቀ በኋላ፣ ሌላው ከማለቁ በፊት ተፈጸመ። ሺልድ የተባለው ድግምት ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ደጋሚው በምት መመታቱ ከተነገረ በኋላ በሪአክሽኑ ይደግመዋል፤ የመከላከያ ቁጥሩ (እርሱን ለመምታት የጠላት ዳይስ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር) በ5 ያድጋል፤ ጭማሪው ያንኑ ያስነሣውን ምት ስለሚያካትት የተነገረው ምት ተመልሶ ስቶ ሊገኝ ይችላል። አጠቃላዩ ደንብ ሪአክሽን ከምክንያቱ በኋላ ይመጣል ይላል፤ የእያንዳንዱ ችሎታ የራሱ ጽሑፍ ከዚህ የተለየ ጊዜ ከሰጠ ግን የሚጸናው የራሱ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ «ሪአክሽን መቼ ነው የሚፈጸመው?» ተብሎ በጅምላ ሲጠየቅ በጅምላ መመለስ አይገባም፤ የትኛው ሪአክሽን እንደሆነ መጠየቅና የዚያኑ መስመር ማንበብ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ ተጫዋቹ ምክንያቱን እስከ ምን ድረስ አሳንሶ መጥራት ይችላል የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ከወጣቶቹ አንዱ «ሊመታኝ ሰይፉን ሲያነሣ እመታዋለሁ» አለ። ሰይፍ ማንሣት በዓይን ይታያል፤ ስለዚህ ቃል በቃል ከተነበበ የሚፈቀድ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ግን አልፈቅድም። ሰይፉን ማንሣት የምቱ አካል እንጂ ከምቱ ተለይቶ የቆመ ድርጊት አይደለም፤ በጨዋታው ሒሳብ ውስጥ ያለው አታክ፣ ማለትም ምቱ በሙሉ፣ ነው፤ አታኩ ደግሞ የሚጠናቀቀው ዳይሱ ተጥሎ መትቶ ወይም ስቶ ሲገኝ ነው። አንድን ድርጊት እየሰነጠቁ «ዓይኑ ሲዞር»፣ «ትከሻው ሲነቃነቅ»፣ «ትንፋሹን ሲስብ» ማለት ከተፈቀደ፣ ሬዲ ያለ ሰው ሁልጊዜ ቀዳሚ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኢኒሼቲቭ መጣል ትርጉም ያጣል፤ ፍጥነትን ብለው ገጸ ባሕርያቸውን የገነቡ ተጫዋቾችም ይጎዳሉ። በሌላ ወገን ግን ሬዲ ያለው ሰው አክሽኑንና ሪአክሽኑን አብሮ ከፍሏልና ባዶ እጁን መመለስም ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ አለኝ፤ ምክንያቱ የጨዋታው ደንብ ራሱ የሚያውቀው ድርጊት ይሁን እላለሁ፤ መንቀሳቀስ፣ ቀርቦ መድረስ፣ በር መክፈት፣ መሣሪያ ከሰገባው መምዘዝ፣ ድግምት መጀመር፣ መምታት። ያ ወጣት «አጠገቤ ሲደርስ እመታዋለሁ» ቢል ኖሮ ከጠላቱ ቀድሞ ይመታ ነበር፤ መድረስ እንቅስቃሴ ነው፤ ከምቱም በፊት ያልቃል። ይህን ስነግረው ቃሉን ለወጠ፤ ለወደፊቱም አነጋገሩ ተስተካከለ።

የሬዲ ዋጋ ከሚታሰበው በላይ ከፍ ያለ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አምስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ጦረኛ ኤክስትራ አታክ አለው፤ ማለትም በአንድ አታክ አክሽን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ነገር ግን ጽሑፉ «በገዛ ተራህ» ስለሚል፣ ሬዲ ብሎ በሌላ ሰው ተራ የመታ እንደሆነ የሚያገኘው አንድ ምት ብቻ ነው። ሮግ የሚባለው ሰርጎ ገብ ገጸ ባሕርይ በተቃራኒው ይጠቀማል። ስኒክ አታክ የተባለው ተጨማሪ ጉዳት የሚያደርስ ችሎታው የተገደበው በዙር አንድ ጊዜ ሳይሆን በተራ አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ በገዛ ተራው አንድ ጊዜ፣ በሌላ ሰው ተራ ደግሞ በሪአክሽን ሌላ ጊዜ ሊጠቀምበት ይችላል። ይህ ማጭበርበር የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ጽሑፉ ተራንና ዙርን ለይቶ የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ተራ ብሎ መጻፉ ታስቦበት ነው ባይ ነኝ፤ ለሮግም ቦታውን እንዲጠብቅ የሚያበረታታ መልካም ነገር ነው።

ድግምትን ሬዲ ማድረግ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ደጋሚው ድግምቱን የሚደግመው በገዛ ተራው ነው፤ የድግምት ስሎቱም (በቁጥር የተወሰነው የመድገሚያ ድርሻው) ያኔውኑ ይወጣል፤ ከዚያ ኃይሉን በኮንሰንትሬሽን፣ ማለትም በሐሳብ ትኩረት፣ ይዞ ይቆያል፤ የጠበቀው ነገር ሲሆን በሪአክሽኑ ይለቀዋል። በመካከሉ ተመትቶ ኮንሰንትሬሽኑ ከተሰበረ ወይም የጠበቀው ካልመጣ ድግምቱም ስሎቱም ጠፉ። ከዚህ የሚከተል አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ካውንተርስፔል የሚባለው ማክሸፊያ የሚሠራው ጠላት ሲደግም ስታየው ስለሆነ፣ ደጋሚው ከቋጥኙ ጀርባ ሆኖ ደግሞና ኃይሉን ይዞ በቀረችው እንቅስቃሴ ወደ ውጭ ቢወጣ፣ በሚለቀው ሰዓት ጠላት ሊያከሽፍበት አይችልም፤ መድገሙ የተፈጸመው ባልታየበት ጊዜ ነውና። የእኛው ደጋሚ ይህን ሲያደርግ ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ «ይሄማ ግፍ ነው» አሉ። እኔ ግን ፈቀድኩ፤ ስሎቱን፣ አክሽኑን፣ ሪአክሽኑንና ኮንሰንትሬሽኑን በአንድ ጊዜ ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ያን ያህል ጥቅም ማግኘቱ ሚዛን የሚያዛባ አይደለም። በሁለተኛው ወር ላይ የጠላት ወገን ደጋሚ ያንኑ ሲያደርግባቸው የተቃወመ አልነበረም።

ጋሼ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ ደንብ ሲያነቡም ያስታውቃሉ። የሊቃውንቱን ትርጓሜ እየሰማ ያደገ ሰው አንድ ቃል ሲያገኝ «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍች ማውጣት ልማዱ ነው፤ ፍቾቹም አንዱ ሌላውን ሳይሽር አብረው ይኖራሉ። ይህ ልማድ ለጨዋታ መሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለመወሰን የሚቸኩል ሰው ያላየውን ንባብ ያሳያልና። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፍች አብሮ ሊኖር አይችልም፤ ወንበዴው ወይ ተመትቷል ወይ አልተመታም፤ ቀጣዩ ተራ ሳይጠራ አንዱ መመረጥ አለበት። እኔ ስመርጥ መጀመሪያ የተጻፈውን ቃል እይዛለሁ፤ ቃሉ ለሁለቱም ንባብ ከተመቸ ያው መጽሐፍ ተመሳሳይ ጉዳይን በሌላ ቦታ እንዴት እንዳደረገው እመለከታለሁ፤ አሁንም ካልለየ ተጫዋቹ የከፈለውን ከሚያገኘው ጋር አመዛዝናለሁ። ታሪኩን ያማረ የሚያደርገው የቱ ነው የሚለውን የማነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ ጨዋታ መሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ታሪክን ካስቀደሙ ተጫዋቹ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ሊተማመንበት ይችላል? እቅድ ለማውጣት ነገ ደንቡ እንደ ዛሬው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

የጻፉት ሰዎች ራሳቸው በአንድ ሐረግ ላይ ሐሳባቸውን እንደቀየሩ ማወቅም ትሕትናን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2014ቱ እትም ሺልድ ማስተር የተባለው ተጨማሪ ችሎታ፣ በተራህ የአታክ አክሽን ከወሰድህ በቦነስ አክሽን በአጠገብህ ያለውን በጋሻህ ለመግፋት መሞከር ትችላለህ ይላል። ጥያቄው መግፋቱ ከምቱ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ የሚል ነው፤ ለጋሻ ያዥ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ጠላቱን አስቀድሞ ከጣለው የሚከተሉትን ምቶች በተሻለ ዕድል ይሰነዝራልና። የጨዋታው የደንብ ኃላፊ የነበረው ጄረሚ ክሮፎርድ መጀመሪያ መግፋቱ ሊቀድም ይችላል የሚል መልስ ሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አታኩ መቅደም አለበት ብሎ ለወጠው። እኛ በጊዜው የያዝነው ከሁለቱ መካከል ያለውን ነበር፤ ሁለት ጊዜ የሚመታ ጦረኛ የመጀመሪያውን ምት ሲሰነዝር አክሽኑን ወስዷል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ምት በኋላ፣ ከሁለተኛው በፊት መግፋት ይችላል። ጋሼ በዚህ ረክተው ነበር። የ2024ቱ እትም ሐረጉን እንደገና ጻፈውና፣ በአታክ አክሽን ውስጥ በእጅ መሣሪያ የመታ ሰው ወዲያው በጋሻው እንዲገፋ ወይም እንዲጥል ፈቀደ፤ ቦነስ አክሽኑንም አስቀረው። አሁን ከእኛው ውሳኔ ብዙ የማይርቅ ሆኖ ሳገኘው ደስ ብሎኛል።

ጨዋታ መሪ ለሆነ ሰው ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊለው የሚገባውን ልንገረው፤ የአተራረክህ ቅደም ተከተል ራሱ ውሳኔ ነው። «ደጋሚው የእሳት ኳስ ወረወረባችሁ፤ ዳይስ ጣሉ» ካልክ፣ ካውንተርስፔል የያዘው ተጫዋች የሚገባበትን ቀዳዳ ዘግተህበታል፤ ድግምቱ ምን እንደሆነም ሳይለፋ ነግረኸዋል። እኔ እንዲህ ነው የምለው፤ «ከግንቡ ራስ ላይ የቆመው ሰው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቀኝ እጁን ወደ እናንተ ዘርግቷል።» ይህን ብዬ ዝም እላለሁ። ማንም ካልተናገረ እቀጥላለሁ። «ምንድን ነው የሚደግመው?» ብሎ የጠየቀ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ተጨማሪ የደንብ መጽሐፍ ድግምትን ሲደገም ለይቶ ማወቅ ራሱ ሪአክሽን እንደሚያስከፍል ይናገራል፤ ስለዚህ ለይቶ ያወቀ ሰው በዚያው ቅጽበት ማክሸፍ አይችልም፤ ወይ ሳያውቅ ያከሽፋል፣ ወይ አውቆ ይቀበላል። ለወዳጁ በጩኸት ነግሮ ወዳጁ ያክሽፍ የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር፤ እኔ ፈቅጃለሁ፤ ሁለት ሰው ሁለት ሪአክሽን ከፍሏል። በሺልድ ላይም እንዲሁ ነው፤ የጠላት ዳይስ ስንት እንደወጣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ደጋሚዋ 5 መጨመሩ ያድናት እንደሆነ አውቃ እንድትወስን። መጽሐፉ እንድናገር አያስገድደኝም፤ ነገር ግን ስሎት በጨለማ ማባከን ለማንም ደስታ አይሰጥም።

ከሌላ ጨዋታ ጋር ማስተያየትም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም በተራው ሦስት እኩል አክሽንና አንድ ሪአክሽን ይሰጣል፤ መራመድም፣ መምታትም፣ ጋሻ ማንሣትም ከዚያው ከሦስቱ ይከፈላል፤ ሬዲ ደግሞ ሁለቱን ይወስዳል። ጠላት ከአጠገብ ሲርቅ መምታትም ለሁሉም የተሰጠ ሳይሆን እንደ ጦረኛ ላሉት ብቻ ነው። የሒሳቡ ክርክር በጣም ይቀንሳል፤ የ«መቼ» ክርክር ግን እዚያም አልጠፋም።

መጽሐፉን በአካባቢያችን መደብር ማግኘት ስለማይቻል አብዛኞቻችን የምናነበው ኤስአርዲ የሚባለውን የደንብ ሰነድ ነው፤ ባለቤቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለለቀቀው ማንም አውርዶ ማተምና ማካፈል ይችላል። ሁሉም ነገር የለበትም፤ ሺልድ ማስተርን ለምሳሌ እዚያ አታገኙትም። የውጊያውን ምዕራፍ አትመን አስጠርዘነዋል፤ መብራት ሲጠፋ በስልክ መፈለግ የባትሪ ጠላት ነውና። ከእርሱ ጋር አንድ ተራ ደብተር አለ፤ በውጊያ መካከል የሰጠሁት ውሳኔ ሁሉ በዚያው ማታ ይጻፍበታል። በጨዋታው መካከል መጽሐፍ የምንገልጠው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሞት በጥያቄው ላይ ሲንጠለጠል ብቻ ነው፤ ሌላውን እኔ እወስናለሁ፤ ተቃውሞ ያለው ሰው ቡና ሲፈላ ያነሣዋል፤ ከተስማማን ደብተሩ ይታረማል፤ የታረመውም ከሚቀጥለው ውጊያ ጀምሮ ይሠራል። ወደ ኋላ ተመልሶ የሞተ ወንበዴ የሚያስነሣ ወይም የዳነ ሰው የሚገድል ውሳኔ አልሰጥም። በደብተሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር ለጠላትም እንደሚሠራ ተጫዋቾቹ ያውቃሉ፤ ይህን ማወቃቸው ክርክሩን ከምንም ነገር በላይ አለዝቦታል፤ «እንዲህ ቢፈቀድልኝ» የሚለው ሰው ያው ነገር ነገ ሲደረግበት ምን እንደሚሰማው አስቀድሞ ያስባልና።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የተጻፈው ውሳኔ ውጊያ ሳይጀመር ሬዲ ማለት ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ነው። ተጫዋቾች ከተዘጋ በር ፊት ይሰለፉና «ሁላችንም ሬዲ ነን፤ በሩ ሲከፈት እንተኩሳለን» ይላሉ። ይህ ከተፈቀደ አራት ሰው ማንም ተራ ሳያገኝ አንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ በሩ ወዲያ ማዶ ያሉት ወንበዴዎችም ያንኑ ብለው ቢሆን ማን እንደሚቀድም የሚፈታ ደንብ የለም። ሬዲ በውጊያ ተራ ውስጥ የሚወሰድ እርምጃ ነው፤ ተራ የሚኖረው ደግሞ ኢኒሼቲቭ ከተጣለ በኋላ ነው። ላደረጉት ጥንቃቄ ደንቡ የሚሰጣቸው ዋጋ በድንገት የመያዝ ሕግ ነው፤ በ2014ቱ እትም በድንገት የተያዘ ጠላት በመጀመሪያ ተራው ሊንቀሳቀስም ሆነ አክሽን ሊወስድ አይችልም ነበር፤ በ2024ቱ ደግሞ ኢኒሼቲቩን ዝቅ ባለ ዕድል፣ ማለትም ሁለት ዳይስ ጥሎ አነስተኛውን ይዞ ይጥላል። እኛ የያዝነው አዲሱን ነው። ስለዚህ በሩን የሚከፍተው ሰው መወርወሪያውን ሲስብ ሁሉም ኢኒሼቲቭ ይጥላል፤ ወንበዴዎቹ ኮቴ ካልሰሙ ዝቅ ባለ ዕድል ይጥላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀድሞ ተራ ያገኘ ሰው መተኮስ ወይም ሬዲ ማለት የራሱ ምርጫ ነው።